የፈጣሪን ስም የደበቀው መጽሐፍ፦ «ኦፍ ፓንዳስ ኤንድ ፒፕል» ለልጆቻችን ይገዛ?

መጽሐፉ ሐሙስ ማታ በፖስታ ደረሰኝ። ያገለገለ ነው። ከነማጓጓዣው 17 ዶላር ከፈልኩበት። ሽፋኑ ጠንካራ ነው፤ ወደ 170 ገጽ ይሆናል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የቤተ መጻሕፍት ማኅተም አለበት፤ አጠገቡ ደግሞ ከመደርደሪያ መውጣቱን የሚናገር ሌላ ማኅተም። ከእኔ በፊት ያነበበው ሰው በቢጫ ቀለም እያሰመረ ሄዷል። መሃል ላይ ሲደርስ ማስመሩን ትቷል።

እንድገዛው ምክንያት የሆነችኝ ቤተ ክርስቲያን አብረን የምናገለግል አንዲት እህት ናት። የእሷም ልጅ፣ የእኔም ትልቋ ልጅ ዘንድሮ ባዮሎጂ ጀምረዋል። ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ይዘን ቆመን ሳለ ስልኳን አውጥታ የመጽሐፉን ፎቶ አሳየችኝ። «አንቺ ባዮሎጂ አስተማሪ ነበርሽ። እስቲ እይልኝ፣ እህቴ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ዝግመተ ለውጥ ብቻ ነው የሚነገራቸው። ይሄ ሌላውን ወገን ያስረዳል ይላሉ። እንግዛላቸው?» አለችኝ። ጭንቀቷ የእውነት ነው። እኔም እናት ነኝ። «አንብቤ እነግርሻለሁ» አልኳት። ለእሷ የነገርኳትን ሌሎች ወላጆችም እንዲያነቡት ብዬ ነው አሁን የምጽፈው።

ከየት ቆሜ እንደማነብ ልንገራችሁ። ደሴ 11 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። አሁን ሜሪላንድ ውስጥ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ነው የምሠራው፤ ውሎዬ ከደም ጋር ነው። ጾም እጾማለሁ፣ ልጆቼን አቆርባለሁ። እግዚአብሔር ዓለምን እንደፈጠረ አምናለሁ። ሕይወት ያላቸው ነገሮች በረጅም ዘመን እየተለወጡ እንደመጡም አስተምሬያለሁ። ሁለቱ እኔ ቤት ተጣልተው አያውቁም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

የመጽሐፉ ርእስ «ስለ ፓንዳዎችና ስለ ሰዎች» ማለት ነው። ደራሲዎቹ ፐርሲቫል ዴቪስ እና ዲን ኬንየን ይባላሉ። መጀመሪያ የታተመው በ1989 ነው። የእኔ በ1993 የወጣው ሁለተኛው እትም ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከመደበኛው የባዮሎጂ መጽሐፍ ጎን እንዲነበብ የተዘጋጀ ነው። የሚያስተምረው ኢንተለጀንት ዲዛይን የሚባለውን ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሕይወት ያላቸው ነገሮች አሠራራቸው እጅግ የተወሳሰበ ስለሆነ በዝግመተ ለውጥ ሊመጡ አይችሉም፤ አንድ ጠቢብ አእምሮ አስቦ ነድፏቸዋል።

መልካም ጎኑን ላስቀድም። እንግሊዝኛው ቀላል ነው። የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ያለ መዝገበ ቃላት ታነበዋለች። ሥዕሎቹ ጥሩ ናቸው። መጀመሪያ ነገሩን ሁሉ ጠቅለል አድርጎ ያወራና ከዚያ በስድስት ምዕራፍ እየተመለሰ ያብራራል። እኔ ሳስተምር እንደዚህ የተደራጀ መጽሐፍ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። ደራሲዎቹ ተማሪን አይንቁም። ይጠይቁታል፣ እንዲያስብ ይገፋፉታል። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው መልሱ ላይ ስትደርሱ ነው።

ገጽ 99 መጨረሻ ላይ ኢንተለጀንት ዲዛይን ምን ማለት እንደሆነ ይተረጉማል። ልዩ ልዩ ፍጥረታት ከአንድ ጠቢብ ኃይል በድንገት ተጀመሩ፤ መለያቸውም ያኔውኑ የተሟላ ነበር ይላል። ዓሣ ከነክንፉና ከነቅርፊቱ። ወፍ ከነላባዋ፣ ከነመንቆሯ፣ ከነክንፏ። እሺ፣ ይህ ጠቢብ ማን ነው? አይናገርም። እንዴት ሠራቸው? አይናገርም። መቼ? እሱንም አይናገርም። ገጽ 92 ላይ የምድርን ዕድሜ በተመለከተ የሐሳቡ ደጋፊዎች እንደማይስማሙ ይገልጻል፤ አንዳንዶቹ ጥቂት ሺህ ዓመታት ይላሉ፣ ሌሎቹ የተለመደውን የሳይንስ ቁጥር ይቀበላሉ። የተለመደው ቁጥር 4.5 ቢሊዮን ዓመት ነው። መጽሐፉ በሁለቱ መካከል አልመርጥም ብሎ ያልፋል። አንድ የሳይንስ መማሪያ የሕይወትን ታሪክ ላስረዳ ብሎ ተነስቶ፣ ታሪኩ ሺህ ይሁን ቢሊዮን ሳይናገር ሲቀር ተማሪው ምን ይዞ ይወጣል?

የነዳፊው ስም አለመጠራት ግን ከሁሉ በላይ ከነከነኝ። እኔ ጸሎተ ሃይማኖት ስደግም «ሰማይንና ምድርን፣ የሚታየውንና የማይታየውን በፈጠረ» ብዬ ነው፤ ስሙንም እጠራለሁ። ደራሲዎቹ ለምን ዝም አሉ? ይህን ጥያቄ ይዤ ሳምንት ያህል ቆየሁ። መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፉ ውጭ ነው። እዚያ እመጣለሁ።

በፊት ግን ስለ ደም ልንገራችሁ፤ ሙያዬ ነውና ላልፈው አልችልም።

መጽሐፉ ስለ ደም መርጋት የሚያወራ ክፍል አለው። ያንን ክፍል ለሁለተኛው እትም የጻፈው የሊሃይ ዩኒቨርሲቲው ባዮኬሚስት ማይክል ቢሂ ነው። ሐሳቡ ማራኪ ነው። ሰው ሲቆስል አንዱ ፕሮቲን ሌላውን እየቀሰቀሰ፣ ያ ደግሞ ቀጣዩን እየቀሰቀሰ ደሙ ይረጋል። ክፍሎቹ በሙሉ ተገኝተው በደንብ ሲሠሩ ብቻ ነው ሥርዓቱ በትክክል የሚሠራው ይላል። ስለዚህ አንድ በአንድ ሊመጣ አይችልም፣ ባንዴ ነው የተነደፈው ማለት ነው።

እኛ ላቦራቶሪ ለዚህ ምርመራ ደም የሚመጣልን ሰማያዊ ክዳን ባለው ቱቦ ነው። ውስጡ ሲትሬት አለ። ሲትሬቱ የደሙን ካልሲየም ይይዝና እንዳይረጋ ያደርገዋል። ከዚያ ማሽኑ ላይ ካልሲየሙን እንመልስለታለን፣ የሚቀሰቅሰውን ኬሚካል እንጨምራለን፣ ስንት ሰከንድ ላይ እንደረጋ እንቆጥራለን። ፒቲቲ የምንለው ምርመራ በጤነኛ ሰው 30 ሰከንድ አካባቢ ነው። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ናሙና መጣልኝ። 100 ሰከንድ አለፈ፣ አልረጋም። ደነገጥኩ። ይህ ሰው ቢቆስል ደሙ ፈስሶ ያልቃል ብዬ ወደ አለቃዬ ሮጥኩ። እሷ ረጋ ብላ «ፋክተር 12 ይጎድለው ይሆናል፤ እንፈትሽ» አለችኝ። ፈተሽነው። እውነትም ደም ከሚያረጉት ፕሮቲኖች አንዱ የሆነው ፋክተር 12 የለውም ማለት ይቻላል። ፋክተር 12 የሌለው ሰው ደግሞ አይደማም። ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ደሙ እንደማንኛውም ሰው ይረጋል። ቱቦው ውስጥ ነው እንጂ ሰውየው ውስጥ ችግር የለም።

እንግዲህ ከዚያ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ጠፍቶ ሥርዓቱ ይሠራል። ዓሣ ነባሪና ዶልፊንም ይህ ፋክተር የላቸውም። ፓፈር የሚባለው ዓሣ ደግሞ ከፋክተሮቹ ሦስቱ ይጎድሉታል፤ ደሙ ግን ይረጋል። መጽሐፉን እያነበብኩ የዚያን ቀን ድንጋጤዬ ትዝ አለኝ። እኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ የተማርኩትን ነገር ይህ መጽሐፍ ለልጄ ገልብጦ ሊነግራት ነው።

የመጨረሻው ምዕራፍ ስለ ፕሮቲኖች ዝምድና ነው። ሳይቶክሮም ሲ የሚባለውን ፕሮቲን ይወስድና የባክቴሪያውን ከፈረስ፣ ከዓሣ፣ ከትል፣ ከስንዴ ጋር ያወዳድራል። የባክቴሪያው ከሁሉም በግምት እኩል ይርቃል። ዝግመተ ለውጥ እውነት ቢሆን ዓሣው ይቀርበው፣ ፈረሱ ይርቀው ነበር፤ ስለዚህ መሸጋገሪያ የለም ይላል።

ይህንን ለማየት ባዮሎጂ አያስፈልግም። ሰባት ቤት መቁጠር የሚያውቅ ሰው ይበቃል። እኛ ሀገር ሊጋቡ ሲሉ ዘር ይቆጠራል። የአያቴ ወንድም የልጅ ልጅ አለ እንበል። ያ ሰው ለእኔም፣ ለወንድሜም፣ ለአጎቴ ልጅም እኩል ነው የሚርቀው። ለምን? ሦስታችንም ወደ እሱ የምንሻገረው በአንዱ ቅድመ አያታችን በኩል ስለሆነ ነው። እኩል መራቁ ዝምድና የለም ማለት አይደለም። የት ላይ እንደተለያየን ነው የሚያሳየው። ፈረሱና ዓሣውም ከባክቴሪያ የተለያዩት ገና አንድ ቤት ሳሉ ነው። መጽሐፉ የዛሬውን ባክቴሪያ እንደ ቅድመ አያት ቆጠረው። እሱ ግን ቅድመ አያት አይደለም፤ የሩቅ ዘመድ ነው። ይህንን ለልጄ ወረቀት ላይ የአባቴን ቤተሰብ እየሳልኩ አሳየኋት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

የቅሪተ አካሉን ምዕራፍ ቶሎ ልለፈው። ከየብስ እንስሳ ወደ ዓሣ ነባሪ የሚያሸጋግር ግልጽ ቅሪተ አካል የለም ይላል፤ 1993 መሆኑን አስታውሱ። በ1994 ፓኪስታን ውስጥ የተገኘው አምቡሎሴተስ ይፋ ሆነ፤ እግር ያለው ዓሣ ነባሪ ነው። ከዓሣ ወደ እግር ስላለው ሽግግር ደግሞ በ2006 ቲክታሊክ ይፋ ሆነ፤ የተገኘው ካናዳ ውስጥ በአርክቲክ ነው፣ 375 ሚሊዮን ዓመት የሆነው። የሳይንስ መጽሐፍ ያረጃል፤ ያ ነውር የለበትም። ይህኛው ግን ክርክሩን «እስካሁን አልተገኘም» በሚል ቃል ላይ ነው የሠራው። በተገኘ ቁጥር ከሥሩ ይናዳል።

የአሜሪካና የታዝማኒያ ተኩላ የራስ ቅልም አለ። እንዴት እንደሚመሳሰሉ በሥዕል ያሳያል። የታዝማኒያው ልጇን በኪሷ የምታሳድግ፣ ከካንጋሮ ወገን የሆነች፣ አሁን ዘሯ የጠፋ እንስሳ ነበረች። ከላይ ሲያዩአቸው በእርግጥ ይመሳሰላሉ። ገልብጣችሁ ላንቃውን ብታዩ ግን የታዝማኒያዋ ሁለት ትልልቅ ቀዳዳዎች አሏት፤ ተኩላው የለውም። ልጅ እንዲያነጻጽር ከተፈለገ ሁለቱንም ጎን ማሳየት ነበረባቸው።

መጽሐፉን ከጨረስኩ በኋላ ስለ አመጣጡ ማንበብ ጀመርኩ። ያኔ ነው ፍርድ ቤት ቆሞ እንደነበር ያወቅኩት። ያውም ከቤቴ በመኪና ሁለት ሰዓት በማትሞላ ቦታ።

ዶቨር ፔንስልቬንያ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በኦክቶበር 2004 የዶቨር የትምህርት ቦርድ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ አንድ ነገር ወሰነ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ዝግመተ ለውጥ ከመማራቸው በፊት አጭር መግለጫ ይነበብላቸው ተባለ። መግለጫው የዳርዊን ሐሳብ ክፍተት እንዳለበት ይናገራል፤ ሌላ ማብራሪያ ለሚፈልግ «ኦፍ ፓንዳስ ኤንድ ፒፕል» ትምህርት ቤቱ ውስጥ እንደሚገኝ ይጠቁማል። ስልሳ ያህል ቅጂ በስጦታ ገብቶ ነበር። እኔ እጅ ላይ ያለው ይኸው እትም ነው።

መግለጫውን እንዲያነቡ የታዘዙት የሳይንስ መምህራኑ ናቸው። እምቢ አሉ። ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ ቀና አልኩ። በጽሑፍ ነው መልስ የሰጡት። ኢንተለጀንት ዲዛይን ሳይንስ አይደለም አሉ። የፔንስልቬንያ የመምህራን ሥነ ምግባር ደንብ አንድ መምህር የሚያስተምረውን ትምህርት እያወቀ እንዳያዛባ ያዛል፤ መግለጫውን ብናነብ ይህንን ደንብ እንጥሳለን አሉ። ደመወዛቸው የሚመጣው ከዚያው ቦርድ ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም የሚገናኙት ከነዚያው ሰዎች ጋር ነው። መምህር የሆነ ሰው ይህ ምን እንደሚከብድ ያውቃል። በጃንዋሪ 2005 የአስተዳደር ሰዎች ራሳቸው ክፍል ለክፍል እየገቡ አነበቡት። ጥያቄ መጠየቅ አይቻልም ተባለ። የሕይወትን አመጣጥ ጉዳይ ከቤተሰባችሁ ጋር ተወያዩበት ተብለው ልጆቹ ተሸኙ።

እኔ ደሴ ሳስተምር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ ዝግመተ ለውጥ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነበረው። ክፍሉ ውስጥ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም አለ። በየዓመቱ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ እና ከዝንጀሮ ነው የመጣነው?» ይለኛል። ክፍሉ ይስቃል። አይደለም፣ ዝንጀሮና እኛ ሩቅ ቅድመ አያት እንጋራለን እለዋለሁ። ስለ ድንቅነሽ እነግራቸዋለሁ፤ በ1974 ሐዳር የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት፣ ብሔራዊ ሙዚየም ያለችው። «ታዲያ አዳምስ?» ይለኛል ሌላው። ያንን የምናምነውን ለሚያስተምሩን አባቶችና ሼሆች ጠይቁ፣ እኔ ግን አጥንቱ የሚለውን ልንገራችሁ እላለሁ። አንዳንዴ ደወሉ ተደውሎም አይወጡም ነበር። ጥያቄ ከልክዬ አላውቅም። ለዚህ ነው የዶቨሩ ዝምታ ያመመኝ። ጥርጣሬ ዘርቶ፣ ጥያቄ ከልክሎ መውጣት ማስተማር አይደለም።

አሥራ አንድ ወላጆች በዲሴምበር 2004 ከሰሱ። ከከሳሾቹ ስሟ ቀድሞ የተጻፈው ታሚ ኪትዝሚለር ስለሆነች ጉዳዩ በስሟ ይጠራል። ችሎቱ ሃሪስበርግ ባለው ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሴፕቴምበር 26 እስከ ኖቬምበር 4 ቀን 2005 ቆየ። ዳኛው ጆን ጆንስ ይባላል፤ በ2002 በፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የተሾመ ሪፐብሊካን ነው። የከሳሾች የመጀመሪያ ምስክር ኬኔት ሚለር፣ ትምህርት ቤቱ የሚጠቀምበትን የባዮሎጂ መጽሐፍ ከጻፉት ሁለት ሰዎች አንዱ፣ በእምነቱ ካቶሊክ ነው። የዓሣ ነባሪውንና የፓፈሩን ደም ነገር ችሎት ላይ ያስረዳው እሱ ነው። ማይክል ቢሂ ደግሞ ለቦርዱ መሰከረ። ስለ ሰውነት መከላከያ ሥርዓት አመጣጥ ሳይንስ መልስ የለውም ሲል የከሳሾች ጠበቃ 58 የምርምር ጽሑፎችን ከመጻሕፍት ጋር አምጥቶ ፊቱ ከመረላቸው። ቢሂ በቂ አይደሉም አለ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ስሙን ለምን ደበቁት?

በ1987 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሉዊዚያናን አንድ ሕግ ሃይማኖትን ያራምዳል ብሎ 7 ለ 2 ሽሮ ነበር። ሕጉ ዝግመተ ለውጥ የሚያስተምር የመንግሥት ትምህርት ቤት «የፍጥረት ሳይንስ» የሚባለውንም እንዲያስተምር ያስገድድ ነበር። ያኔ «ፓንዳስ» ገና ረቂቅ ነው። የዶቨር ከሳሾች ጠበቆች የመጽሐፉን የድሮ ረቂቆች በፍርድ ቤት ትእዛዝ አስመጡ። ባርባራ ፎረስት የምትባል የሉዊዚያና የፍልስፍና ምሁር አንድ በአንድ አነጻጸረቻቸው። ከ1987 በፊት የነበሩት ረቂቆች «ፍጥረት» ይላሉ። ከፍርዱ በኋላ ያሉት «ኢንተለጀንት ዲዛይን» ይላሉ። ወደ 150 በሚጠጋ ቦታ ቃሉ ተቀይሯል። ያ ገጽ 99 ላይ ያሳየኋችሁ ትርጉም፣ ዓሣ ከነክንፉና ከነቅርፊቱ የሚለው፣ ያው ነው። መጀመሪያ ላይ ያለው ቃል ብቻ ተለወጠ። አንዱ ረቂቅ ላይ ቀያሪው «ክሪኤሽኒስትስ» (የፍጥረት አማኞች) የሚለውን በትክክል ሳይሰርዝ «ዲዛይን ፕሮፖነንትስ» (የንድፍ ደጋፊዎች) ብሎ ጻፈበት። «ሲዲዛይን ፕሮፖነንትሲስትስ» የሚል ቃል ወጣ። የድሮው ቃል ጫፍና ጫፉ እንዳለ ቀርቷል።

ይህን ሳነብ ማታ ነበር፣ ልጆቹ ተኝተዋል። አዘንኩ። የሚያምኑትን ፈጣሪ ስም ወደ ክፍል ለመግባት ሲሉ አወጡት። በእምነት የጀመረ ሰው እንዲህ ያደርጋል? ዶቨርም የሆነው ይኸው ነው። መጽሐፎቹን ማን ገዛ ተብለው የቦርዱ ሰዎች በመሐላ ሲጠየቁ አናውቅም አሉ። ኋላ ግን አንዱ የቦርድ አባል ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ገንዘብ እንደሰበሰበ፣ የ850 ዶላር ቼክም በሌላው አባል አባት በኩል እንዳለፈ ወጣ። ዳኛው በእምነታቸው በአደባባይ የሚኮሩ ሰዎች ዓላማቸውን ለመሸፈን ደጋግመው መዋሸታቸውን በፍርዱ ጽፎታል።

ፍርዱ ዲሴምበር 20 ቀን 2005 ወጣ። 139 ገጽ ነው፣ በነጻ ይገኛል። አትሜ አነበብኩት። እንደ ንባብ ከገመገምኩት፣ የመጀመሪያው ሲሶ የሕግ መመዘኛዎች ስለሚያብራራ ይከብዳል፤ ከቸኮላችሁ ዝለሉት። ኢንተለጀንት ዲዛይን ሳይንስ ነው ወይ የሚለው ክፍልና የዶቨር ቦርድ ታሪክ ግን እንደ ልብ ወለድ ይነበባል። ዳኛው ሳይንስ አይደለም፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍል ማስተማሩም ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። የሐሳቡ ደጋፊዎች ከልባቸው እንደሚያምኑ አልጠረጠረም። ሐሳቡ ይጠና፣ ይከራከሩበትም አለ። የከሳሾቹን ምሁራን ምስክርነት ይዞ ደግሞ ዝግመተ ለውጥ ፈጣሪ መኖሩን እንደማይክድ ጻፈ። ይህንን መስመር ለልጄ አስምሬ ሰጠኋት።

ችሎቱ ባለቀ በአራተኛው ቀን ምርጫ ነበር። ለምርጫ የቀረቡት 8ቱም የቦርዱ አባላት ተሸነፉ። አዲሱ ቦርድ ይግባኝ አላለም። ለከሳሾች የጠበቃ ወጪ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፈለ፤ ከትምህርት ቤት በጀት ማለት ነው። ላቦራቶሪ ሠርቼ ስለማውቅ ያ ገንዘብ ስንት ማይክሮስኮፕ እንደሚገዛ አውቃለሁ።

እንግዲህ ይገዛ ወይስ አይገዛ? ለባዮሎጂ ትምህርት አይገዛ። ልጅ ደም እንዴት እንደሚረጋ፣ ዝምድና እንዴት እንደሚቆጠር ከእሱ ተምራ ፈተና ብትገባ ትወድቃለች፤ እውነቱንም ታጣለች። ከአምስት ኮከብ አንድ ሰጥቼዋለሁ፤ እሱም ለሥዕሎቹና ለአደረጃጀቱ። የዶቨርን ታሪክ ማወቅ ለሚፈልግ ትልቅ ሰው ግን ከፍርዱ ጋር ጎን ለጎን ማንበቡ ይጠቅማል። መጀመሪያ መጽሐፉን፣ ከዚያ ፍርዱን። በግልባጩ ካነበባችሁት ራሳችሁ ሳታስቡበት ትፈርዳላችሁ። ልጆቻችሁ በእምነት እንዲያድጉ ከሆነ የምትፈልጉት ሰንበት ትምህርት ቤት አለ። እዚያ የፈጣሪ ስም በግልጥ ይጠራል፣ ማንም አይደብቀውም።

ለዚያች እህት ይህንን ሁሉ ነገርኳት። ወዲያው አልተቀበለችኝም። «ዳኛ ሁሉ ትክክል ነው እንዴ?» አለችኝ። አይደለም አልኳት፤ ስለዚህ እኔንም ዳኛውንም አትመኚ፣ ራስሽ አንብቢው። መጽሐፉንም ያተምኩትንም ፍርድ በአንድ ፌስታል አድርጌ ሰጠኋት። ባለፈው እሑድ ስንገናኝ ገጽ 60 ላይ ደርሻለሁ አለችኝ። የመምህራኑን ደብዳቤ ነገር ደግማ ደጋግማ አነሳችብኝ። ሰማያዊ ክዳን ያለውን ቱቦ ማየት እፈልጋለሁ ስላለች ባዶውን አንድ ይዤላት እሄዳለሁ።